የቅዳሜ ጠዋት በረዶ

ዲሹን ላወርድ ጣሪያ ላይ ስወጣ መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ያ የጥፍር ቀለም ነው። ብረቱ ዝጓል፣ ሳህኑን ፀሐይ አንጥቶታል። በምሰሶው አንገት ላይ ያሰመርኳት ቀይ መስመር ግን ትናንት የተቀባች ትመስላለች። ባቱ ውስጥ ረፋዱ ላይ ቆርቆሮ መርገጥ ቀላል አይደለም፤ ሙቀቱ የጫማን ሶል አልፎ እግር ይነካል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል፣ የዓሣ ሽታ አለው። ቁልፉን ብሎኑ ላይ አድርጌ ሳልፈታው ቆየሁ።

አባቴ በረዶ ሠሪ ነበር። አዳማ ያሉ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ የባቱ ሰው ግን አይስቅም። ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ሳይበላሽ አዲስ አበባ የሚደርሰው በበረዶ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ በረዶ ቤት ውስጥ ረጃጅም የቆርቆሮ ዕቃዎችን ውሃ ሲሞላ፣ በቀዘቀዘ ጨው ውሃ ውስጥ ሲነክርና በማግስቱ በረዶውን እየፈነቀለ ሲያወጣ ኖረ። ልብሱ አሞኒያ ይሸት ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አባት የሆነ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚሸት ይመስለኝ ነበር።

በኋላ ነጋዴዎቹ በማቀዝቀዣ መኪና መምጣት ጀመሩ፣ በረዶ ቤቱም ተዘጋ። አባቴ ቤት ተቀመጠ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣቸዋል፣ ያነሳቸዋል፣ መልሶ ያስቀምጣቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሪሲቨሩን እየነካካ ጣቢያ ሲያልፍ ድንገት ቆመ። ከዳር እስከ ዳር ነጭ በሆነ ሜዳ ላይ ትከሻቸው የተደለደለ ወንዶች በጫማቸው ስለት እየተንሸራተቱ አንዲት ጥቁር ክብ ጎማ በዱላ ያሳድዳሉ። የሚያወራው ሰው ቋንቋው አይገባንም።

«እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው?» አለች እናቴ።

«በረዶውን እዪው።»

«ምኑን ነው የማየው? በረዶ ነው።»

«አየር የለበትም» አላት፣ ከወንበሩ ወደፊት ተስቦ። «አየር ያለበት በረዶ መሀሉ ነጭ ይሆናል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። ይሄ ግን ሥሩ ያለው ቀይ መስመር ሳይቀር ይታያል። ቀስ ብለው ነው ያቀዘቀዙት።»

እናቴ ሽንኩርቷን ይዛ ቆማ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ከሥራ ወጣህ ስንል ቤት ቁጭ ብለህ ሥራህን ልታይ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ቤታችን ውስጥ የሚታየው ያ ጨዋታ፣ የበረዶ ሆኪ፣ ሆነ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጓደኛ ነበረው፤ «አካም ቡልቴ» እያለ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ብሎ፣ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ አንጠልጥሎ ይገባና ከጎኑ ይቀመጣል። ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ ስላልነበሩ፣ ጥርስ የሌለው ተጫዋች ያለበትን ቡድን ነበር የሚደግፈው። ተጫዋቾቹ ጓንታቸውን ጥለው ሲደባደቡ፣ «ዳኛው ቆሞ ምን ያያል?» ይላል።

«እስኪደክማቸው ነው» ይላል አባቴ። «አሁን ዝም በል፣ መኪናዋ ልትመጣ ነው።»

አባቴ ከጨዋታው ይልቅ የሚወደው እረፍቱን ነበር። በእረፍት ሰዓት አንዲት ወፍራም መኪና ሜዳው ላይ ወጥታ የተፋቀውን በረዶ እየላጨች ከኋላዋ ውሃ ታፈሳለች። «ሙቅ ውሃ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ቀዝቃዛ ቢያፈሱበት ከሥረኛው ጋር አይያያዝም፣ እንደ ቅርፊት ይነሳል። እኛም እንደዚያ ነበር የምናደርገው።» እንደዚያ አያደርጉም ነበር። እኔም እሱም እናውቃለን።

ጣቢያው አንዳንድ ቅዳሜ የድሮ ጨዋታ ያሳይ ነበር። እነዚያን ሳያቸው ነው የዚህ ጨዋታ ታሪክ በቴሌቪዥን በኩል የገባኝ። በመጀመሪያዎቹ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ካሜራ ብቻ ከላይ ከሕዝቡ መሀል ያያል፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ላይ ምንም የላቸውም፣ ጥቁሯ ጎማ ብዙ ጊዜ አትታይም። ከዚያ ቀለም መጣ፣ በረዶውም ትንሽ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ካሜራው ከመስታወቱ ጎን ወረደ፣ የስለቱ ድምፅ ይሰማ ጀመር። በመጨረሻ ካሜራው በየሰከንዱ የሚዘል ሆነ። በመሀል በመሀል የዚያ አገር ሰዎች በየቤታቸው፣ በየሱቁ መስኮት ተሰብስበው ሲያዩ የሚያሳይ የድሮ ፊልም ያስገባሉ፤ አገሩ በሙሉ በአንድ ምሽት አንድ ጨዋታ ያይ ነበር መሰለኝ። አባቴ የድሮዎቹን ይመርጥ ነበር። «የዛሬው ካሜራ ፊታቸውን ነው የሚያሳድደው» ይላል። «የዱሮው በረዶውን ዝም ብሎ ያያል።»

ከዚያ የአማርኛ ጣቢያዎች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሳተላይት ተዛወሩ። ሰፈራችን ውስጥ በአንድ ሳምንት ዲሹን ያላዞረ አልቀረም፤ ከየጣሪያው «መጣ?» ከየሳሎኑ «ገና!» ይሰማ ነበር። የእኛ ዲሽ ብቻ ፊቱን ለብቻው ወደ ሌላ ሰማይ አዙሮ ቀረ። እናቴ ሁለት ሳምንት ታገሠች።

«ዜና እንኳ ከጎረቤት አጥር ነው የምሰማው» አለች በመጨረሻ። «ድራማውን ተዉት፣ ቅዳሴውስ?»

ሁለተኛ ዲሽ እንትከል ብል አባቴ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «አንዱንም በግድ ነው የተሸከመው። አዙሪው፣ ልጄ።»

እኔ አስራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። ብሎኑን ከማላላቴ በፊት ዲሹ የነበረበትን ቦታ በእህቴ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁበት። ሳሎን ሆኖ የሚናገረው አባቴ ነበር። «ትንሽ ወደ ግራ። አለፈ፣ መልሺው። ቀስ በይ… እዚያው ያዢው። መጣ!» ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። በረዶው ከፊቱ ጠፍቶ የእናቴ ድራማ ሲመጣ፣ መጣ ብሎ የጮኸው እሱ ራሱ ነው።

ስወርድ ቀዩን መስመር ነገርኩት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እመልስልሃለሁ። ከሰዓት ደግሞ ለእማዬ።»

«ትወድቂያለሽ» አለ። ግን ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ በጨርቅ ጠረገና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

ሁለት ወር ያህል ቃሌን ጠበቅሁ። ቅዳሜ ጠዋት እወጣለሁ፣ መስመሩ ጋ አደርሳለሁ፣ እሱ ከውስጥ «መጣ!» ይላል፤ ከሰዓት እመልሳለሁ። ያኔ ግጥም መጻፍ ጀምሬ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ደብተር ሞልቼ አንዱን አዳማ ተሰብስበው ግጥም ለሚያነቡ ልጆች በስልክ ላክሁ፣ ቅዳሜ መጥተሽ አንብቢ አሉኝ። ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ የሚታይበት ነበር። ሁለቱ ቡድኖች ሦስት ሦስት ጊዜ ተሸናንፈዋል፤ የሚለያቸው ያ አንዱ ነው። አባቴ ሐሙስ ዕለት፣ «ቅዳሜ ያልቃል» ብሎኛል። እኔም «እሺ አባዬ» ብዬዋለሁ።

ቅዳሜ ሲነጋ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። የጎረቤት ልጅ እንዲወጣለት እነግራለሁ ብዬ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ሞጆ ላይ መኪና ስቀይር ነው። አልደወልኩም። ብደውል ተመለሺ የሚለኝ መሰለኝ፤ እሱ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። አዳማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ አነበብኩ፣ ተጨበጨበልኝ። ግጥሙ ስለ በረዶ ነበር። ስለ አባቴ እጆችና ስለ በረዶ።

እሑድ ስገባ ቁልፉ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ከጎኑ የታጠፈ ጨርቅ። እናቴ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«ጓደኛው ዓሣ ይዞ መጥቶ ነበር» አለች። «የእኔን ድራማ ሲያዩ ዋሉ፣ ሁለቱም። አንዴ እንኳ ጣቢያ ቀይሪ አላሉኝም።»

እሷ ናት እንደዚያ ያለችኝ፤ ድራማውን በጣም የምትወደው እሷ።

በስልኬ ፈልጌ ውጤቱን አገኘሁና ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። «ነጭ የለበሱት ናቸው ያሸነፉት፣ አባዬ። ሁለት ለአንድ።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «በረዶውስ እንዴት ነበር?»

ስልኬን ተመለከትኩ። ስለ በረዶው ምንም አልተጻፈም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁልፉን ሳነሳ፣ «ተዪው፣ አትድከሚ» አለኝ። የተቆጣ ሰው አነጋገር አልነበረም። ብወጣ ኖሮም «መጣ!» ሳይል ይቀመጥ ነበር መሰለኝ። አልወጣሁም። ከዚያ ብዙም ሳልቆይ አዳማ ቤት ተከራየሁ።

አባቴ ከሞተ ዓመት አለፈው። ምሰሶው የተተከለበት ቀዳዳ ዝናብ ስለሚያስገባ እናቴ ዲሹን አውርጂልኝ አለች፤ አሁን የምታየውን ሁሉ በስልኳ ነው የምታየው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ገመዱን ቀድሜ ቆርጬ፣ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አኑሬዋለሁ።

ብሎኑን አላላሁት። ግን አልፈታሁትም። ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቀዩ መስመር ገፋሁት። ዝገቱ ሲጮህ ቆርቆሮው በሙሉ አስተጋባ። ሳሎን ውስጥ እናቴ ስትጠርግ የነበረው የመጥረጊያ ድምፅ ቆመ።

«ገና ነው» አለች ከውስጥ።

«እማዬ?»

«ትንሽ ወደ ግራ።»

ወደ ግራ አደረግሁት።

«አለፈ። መልሺው። ቀስ በይ።»

መለስኩት። መስመሩ ጋ ገጠመ። ከእግሬ ሥር ያለው ገመድ ጫፉ የተቆረጠ መዳብ ነው፣ ፀሐይ ያብለጨልጨዋል።

«እዚያው ያዢው» አለች።

«መጣ?» አልኳት።

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ የእሱ ወንበር ነው፣ አንድ እግሩ አጭር ነው።

«መጣ» አለች እናቴ። «አየር የለበትም።»