ስማቸውን የሸጡት ማዳም

አለቃዬ ስማቸውን ሸጠዋል። ቀልድ አይደለም፤ በውል፣ በፊርማ፣ ከነልብስ ቤታቸው ነው የሸጡት።

በፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቶሮንቶ ስገባ፣ ስፓዳይና መንገድ ላይ ባለ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። አሠሪዬ ፈረንሳዊት አሮጊት ነበሩ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ ነበር የምላቸው፤ በአፌ ደግሞ «ማዳም»።

ማዳም ሥራ የጀመሩት በአሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ ፓሪስ ውስጥ ከአንድ ልብስ ቤት ወለል ላይ እስፒል እየለቀሙ። ኋላ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ዝና ያመጣላቸው የሴት ኮት ነው። ያን ጊዜ የኮት ትከሻ በጨርቅ ታጭቆ እንደ ቁም ሣጥን ይገተር ስለነበር፣ እሳቸው ያን ሁሉ ጎልጉለው ጣሉት። «እናት ልጇን ብድግ ስታደርግ የሚይዛት ኮት፣ ኮት አይደለም» ይሉ ነበር። ፓሪስ መጀመሪያ ሳቀችባቸው። ቆይቶ ግን ሴቱ ሁሉ የእሳቸውን ትከሻ ለበሰ፤ ሌሎቹ ዲዛይነሮችም ሳያፍሩ ቀዱት።

ሲያረጁ ገዢዎች መጡ፤ ቤቱን ከነስማቸው ገዙ። ከዚያ ወዲያ በሚሰፉት ልብስ ላይ የገዛ ስማቸውን ማድረግ ተከለከሉ። ሴት ልጃቸውን ተከትለው ቶሮንቶ መጡ፤ መሥራቱን ግን አልተዉም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላል ያገሬ ሰው፤ የማዳም ስም ግን እሳቸው በሕይወት ሳሉ መሀል ከተማ ሱቅ ውስጥ ሽቶ ጠርሙስ ላይ ውሎ ያድር ነበር። በአጠገቡ ሲያልፉ ዞር ብለው አያዩትም።

ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚሰፋ ኮት፣ ኮሌታው ሥር ያለው ማርካ ባዶ ነጭ ጨርቅ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ከቆረጣው እስከ ገበሩ ብቻዬን የሠራሁትን የመጀመሪያ ኮት ጨረስኩ። ማዳም ገልብጠው ትከሻውን በጣታቸው ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱና «ይሄ የኔ አይደለም፤ ያንቺ ነው። ስምሽን አድርጊበት» አሉኝ።

የአባቴ ስም የቶሮንቶ ኮት ላይ! ልቤ ዘለለ። አፌ ግን «አይ ማዳም፣ ይቅርብኝ፤ እኔ ማን ነኝና?» አለ።

ያገሬ ሰው ይሄን ሲያነብ ይገባዋል። ብሉ ሲባል «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» የማይል ጨዋ የት አለ? ጋባዡ «በሞቴ» ብሎ ይለምናል፤ እንግዳውም ሁለቴ ሦስቴ ተለምኖ ይቀርባል። እኔም ልመናዬን ጠበቅኩ። ማዳም ግን «እንዳልሽ» ብለው ባዶውን ጨርቅ አቀበሉኝ። ኮሌታው ሥር ሰፋሁት።

የከተማው ባቡር፣ ስትሪትካሩ፣ ሰፈሬ ፓርክዴል እስኪደርስ ስበግን ነበር። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ነገሩን ስነግራት ሶፋው ላይ በሳቅ ተዘረረች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ፈረንጅ እኮ በሞቴ አይልም። ኖ ካልሽ ኖ ነው። ያሠራችው ሴትዮ መጥታ ኮቱን ፒክአፕ የምታደርገው መች ነው?»

«ነገ።»

«በቃ፣ ጠዋት ሂጂና ማይንዴን ቼንጅ አድርጌአለሁ በያቸው። ምን ያሽኮረምምሻል?»

መለመን የሚገባኝ ሰው ሄጄ ልለምን! ኩራቴ እምቢ አለኝ። ያ ትከሻ ባዶ ማርካ ይዞ ሲወጣ ማየት ደግሞ ባሰብኝ። ጠዋት ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ «ትናንት አይ ያልኩት እሺ ማለቴ ነበር» አልኳቸው።

ማዳም ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ልማዳችንን ከነልመናው ከነመሐላው አስረዳኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። መርፌውን አስቀመጡ።

«እኔን ስሜን ሽጪልን ያሉኝ አንዴ ነው» አሉ። «ወዲያው እሺ አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ያገርሽን ልማድ ባወቅኩ!»

ከዚያ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ስምሽን ታደርጊበታለሽ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

«ታደርጊበታለሽ?»

«ኧረ ማዳም፣ እኔ ማን ነኝና!»

«ያቺ የልመናዋ ቃል ምን ነበረች?»

ነገርኳቸው።

«በሞቴ» አሉ፣ በፈረንሳይኛ ጉሮሮ። የሰማንያ ዓመት ሰው በሞቴ ሲል ቀልድ አይደለም። እንባዬ መጣ። «እሺ» አልኩ።

ነጩን ጨርቅ ፈትቼ በቀይ ክር፣ በራሳችን ፊደል፣ ስሜን ከነአባቴ ጠለፍኩበት። ቀትር ላይ ኮቱን ያሠራችው ሴትዮ መጣች። ለብሳው ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ትከሻው ሳይጎትታት አብሯት ተነሣ። ስታወልቀው ኮሌታውን አየችና «ይሄ ጌጥ ደስ ይላል፤ ምንድን ነው?» አለች።

«ስም ነው» አሉ ማዳም።

«የማን?»

ማዳም ወደኔ ዞሩ። አንዴ ነው የተጠየቅኩት፤ አንዴ በቃኝ።

«የኔ» አልኩ፣ «ቀጥሎ ያለው ደግሞ የአባቴ።»