ጫቱን ትቶ የሞተው ወንድሜ

ዛሬ ታላቅ ወንድሜን ቀብረን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ አንድ ሽማግሌ፣ «ተመስገን ነው፣ ጫቱን እንኳ ትቶ ሞተ» ብለው አጽናኑኝ።

ይህን ሲሉ የአረቄ መለኪያቸውን አላስቀመጡም። ወንድሜን የገደለው አረቄ ነው።

በደርግ ጊዜ ከመካነ ሰላም ደሴ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። በዚያ መንገድ እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይቅማል። ቄሱ አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «የቄስ ልጅ ጫት ቅሞ ቤቴ አይገባም» ብለው ገዘቱት።

ጫቱን ሲተው በሽማግሌ ታረቁ። አባባ አረቄ ቀድተው ባረኩና፣ «ስጪው፣ አሁን ልጄ ሆነ» አሉኝ። እናቴ እልል አለች።

መለኪያውን በሁለት እጄ አቀበልኩት። ከዚያ በፊት አረቄ ቀምሶ አያውቅም ነበር።

እናንተስ ቤት መርቃችሁ ያጠጣችሁት ሰው የለም?