ከቡድሃ ደጅ የመጣ አመድ

እናቴን የዋሸኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብል ሁለተኛ መዋሸቴ ነው። ትልቁን ውሸት ግን ቀኑንም ቦታውንም አውቀዋለሁ። ታይላንድ ሆኜ፣ በስልክ ዋሸኋት። ምክንያቴ ንዝንዟን ማሳጠር ነበር፣ ሌላ የለኝም።

እናቴ የምትኖረው ከቡሬ በእግር አንድ ሰዓት ከምታስኬድ የገጠር ቀበሌ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ የመስኖ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ያን ዓመት ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ታይላንድ ይሂድ ተባለና ዕድሉ እኔ ላይ ወደቀ። እግሬ መሬት አልነካ አለ። ችግሩ ጉዞው ፍልሰታ ላይ መዋሉ ነበር። እናቴ በፍልሰታ ጾም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሱባኤ ትገባለች፤ ጥሬ እየቆረጠመች ነው የምትሰነብተው። ልነግራት ስሄድ መጀመሪያ ያለችው «ሌላ ወር አጡ?» ነው። ቀጥላም «ፍልሰታን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳትረግጪ ልታሳልፊው ነዋ» አለችኝ።

ስትናገር የምታየው እኔን አልነበረም፤ ድምፄ ወደሚመጣበት ወደ ምሰሶው ነበር። ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል። ግራውንም ሞራ እየጋረደው ሰውን በድምፁ ካልሆነ አትለይም። ከመስከረም በኋላ የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መጥተው ሞራ ይገፍፋሉ ስለተባለ፣ ከመሄዴ በፊት አስመዝግቤያት ነበር። ያቺ አንድ ዓይኗ ናት የቀረቻት። ይህን ሁሉ አውቄ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

እዚያ በደረስን በመጀመሪያው እሑድ ለጉብኝት ወደ አንድ ትልቅ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ወሰዱን። በር ላይ ያለችው ሴትዮ ቀሚሴን አይታ አቆመችኝ። ጉልበቴ ላይ ያበቃል። ምንም ሳትቆጣ አንድ ሽርጥ አውጥታ ወገቤ ላይ ጠመጠመችልኝ። እኔ ቡሬ ብሆን እንዲያ ሆኜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልጠጋም፤ የሰው አገር ነው ብዬ ነው። አፈርኩ። ጫማችንን አውልቀን ገባን።

ውስጥ ቡድሃ በጎኑ ጋደም ብሏል። ከራሱ እስከ እግሩ ለመድረስ የእኛን የገበያ ድንኳኖች ከዳር እስከ ዳር የመሄድ ያህል ነው። ሁሉ ነገሩ ወርቅማ ነው። ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩ የናስ ሳህኖች አሉ፤ ሰው በየሳህኑ ሳንቲም እየጣለ ያልፋል፣ ቤቱም በዚያ ድምፅ ይሞላል። ውጭ ትልልቅ ማሰሮዎች አመድ ሞልተው ቆመዋል። ምእመኑ እንደ ጧፍ የቀጠነ ዕጣን እያበራ እዚያ ይተክላል። ያልፈነዳ የውኃ አበባ በሁለት እጁ ይዞ፣ ግንባሩ ላይ አድርሶ ይንበረከካል።

አብራኝ የምትሠለጥን ዩጋንዳዊት ነበረች፤ ሳቂታ ናት። «ተንበርከኪ፣ ፎቶ ላንሳሽ» አለችኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ከበሩ አበባ ገዝቼ ገባሁና ተንበረከክሁ። ከጎኔ የእናቴ እኩያ የምትሆን አሮጊት ነበረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗን ጨፍናለች። እኔ ስጠጋ ግን ሳትገልጠው ጉልበቷን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። ዩጋንዳዊቷ ሦስት ጊዜ አነሳችኝ፤ ሁለቱ ላይ ፊቴ አላማረም። ተነሥቼ አበባውን እዚያው አኖርኩና ወደ ምሳ ሄድን።

ማምሻውን እናቴ ደወለች። ጎረቤት ነው ስልኩን የሚደውልላት። «እሑድ አይደለም እንዴ? የት ዋልሽ?» አለች። ደክሞኛል፣ እግሬ አብጧል። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ገዳም ሄጄ ነበር» አልኳት።

«እዚያም ገዳም አለ?» አለችኝ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነ።

«ሞልቷል። መነኮሳቱ ብጫ ይለብሳሉ። ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው። ከስድስት ሰዓት በኋላ እህል የሚባል አይቀምሱም» አልኳት።

«ከኛ ይብሳሉ እንግዲህ» አለች።

ከተናገርኩት ውስጥ መነኮሳቱም፣ ጫማውም፣ ጾሙም እውነት ነው። ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው፤ እውነቱን አንድ በአንድ ለቅሜ ውሸት ሠራሁበት። ልዘጋ ስል «በይ ስትመለሽ ከዚያ ገዳም እመት አምጭልኝ። ለዓይኔ» አለች። እመት ካህናት ለበሽተኛ የሚሰጡት፣ በጸሎት የተባረከ አመድ ነው። እሺ አልኳት። ምን ልበል?

ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን ኮረብታ ላይ ያለ ትንሽ ቤተ መቅደስ አሳዩን። ሌሎቹ ቁልቁል ከተማውን ፎቶ ሲያነሡ እኔ ወደ ዕጣኑ ማሰሮ ጠጋ ብዬ በባዶ የራስ ምታት ኪኒን ዕቃ አመድ ዘገንኩ። ቅጠል የሚጠርጉ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ መጥረጊያቸውን ወደ ሌላ በኩል አዙረው ሄዱ። አመድ ያው አመድ ነው፣ ለመጽናኛ ነው፣ ምን ይጎዳታል ብዬ ዕቃውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ተመልሼ አመዱን ስሰጣት ከመደቡ ተነሥታ ቆማ ተቀበለችኝ። ሦስት ጊዜ ተሳለመችው። ከነጭ ጨርቅ ቋጥራ ያዘችው፤ በማግስቱ ጧት በውኃ እያራሰች ዓይኗን መቀባት ጀመረች። ለራሷ ብቻ ብታደርገው ደግ ነበር። እናቴ እቴ! አንዷን ቁንጥር ጉልበቷን ለሚያማት ጎረቤት፣ አንዷን እንቅልፍ ለነሳው ሕፃን፣ አንዷን ወተቷ ለነጠፈባት ላም አካፈለች።

እኔ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ፤ ወሩም አለፈ። የዓይን ሐኪሞቹ ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ ሲባል ቅዳሜ ላመጣት ሄድኩ። በሩ ላይ ሳያት ደነገጥኩ። ዓይኗ ፍም መስሏል፣ ያለማቋረጥ ያነባል።

«እየለቀቀኝ ነው» አለችኝ። «መቅላቱ በሽታው ሲወጣ ነው። ሐኪም ምን ያደርግልኛል?»

ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። ሐኪሞቹ ከሳምንት በላይ እንደማይቆዩ ነገርኳት። መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ፣ መንገዱስ ያን ጊዜ ክፍት መሆን አለመሆኑን ማንም እንደማያውቅ ነገርኳት። ወይ ፍንክች። በመጨረሻ «ገዳሙን የረገጥሽው አንቺ፣ የምትጠራጠሪውም አንቺ፤ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ቅዳሜ በዚሁ አለቀ።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ነገርኳት። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር በዳበሳ ትለቅም ነበር። ገዳም አልነበረም፣ የቡድሃ ቤት ነው፤ አመዱንም ማንም አልሰጠኝም፣ እኔው ነኝ የዘገንኩት አልኩ። ጣቶቿ ምስሩ ውስጥ ቆሙ።

«ቡድሃ ምንድን ነው?»

«በጣም ድሮ የነበረ ሰው ነው ይላሉ። ትምህርቱን ይከተላሉ።»

«አንቺስ እዚያ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ምንም። መጎብኘት ብቻ፤ እያየሁ ዞርኩ።» መንበርከኬን ዘለልኩት። ንስሐ እየገባሁም ከሙሉው ላይ ቀነስኩ፤ አይ እኔ።

እንድትረግመኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «እኔስ ይሁን። የሰው ቤት ያስገባሁትን ምን ላድርገው?» አለችና ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች። ክንዷን ይዤ ሦስቱንም ቤት አዞርኳት። በየደጁ «ያ እመት የኛ አይደለም። ሳላጣራ ሰጥቻችሁ ነው፣ ይቅር በሉኝና መልሱልኝ» ትላለች። ጉልበቷን የሚያማት ጎረቤት ወደ እኔ ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እናቴ አላየቻትም፤ ዝምታዋን ግን ሰማች። «እሷን ተያት፤ ሳልጠይቅ የበተንኩት እኔ ነኝ» አለች። የላሟ ባለቤትማ እንቢ ብላ አስቸገረችን፤ ላሟ ለካ መታለብ ጀምራለች። እናቴ «ወተቱን ማርያም ናት የሰጠችሽ፤ አመዱን አምጭ» ብላ ተቀበለቻት።

የተሰበሰበውን ከአመድ መድፊያው ልደፋው ስል ከለከለችኝ። «ሰው ስንት ነገር ለምኖበታል። እግር አይርገጠው» አለች። ከጓሮው ጥግ፣ ከቁልቋሉ ሥር ራሷ አፈሰሰችው።

ሰኞ ጧት ከቡሬ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኗን በመብራት አየና ፊቱ ተቀየረ። «እማማ፣ ዓይንዎ ውስጥ ምን ጨመሩበት?» አላት። እኔ አፌን ልከፍት ስል እጄን ጨመቀችኝ።

«አቧራ ነው ልጄ። ገበሬ አይደለሁ?» አለችው።

ጠብታ አዘዘላት። እስከ ዓርብ ካልጠራ ለዚህ ዙር መሥራት አይቻልም አለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። በሰዓቱ ጠብታውን እጨምራለሁ፣ ሽፋሽፍቷን ገልጬ መቅላቱ ቀነሰ አልቀነሰ እላለሁ። ቢሮ ተቀምጬ የቦይ ንድፍ ላይ የማየው ያንን ቀይ ዓይን ነው። እሷ እንደሆነች አንድም ቀን «ባንቺ ምክንያት» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ዓርብ ጧት ሐኪሙ አይቶ «ይሁን፣ እንሞክረው» አለ፤ ተሠራላት።

ቅዳሜ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየችው የራሷን እጅ ነው። አገላብጣ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ «ሸብተሻል» አለችኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ያለ ሽበት ነበር የምታውቀኝ፤ እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ። እሷም የነጠላዋን ጫፍ ሰጠችኝ።

በሦስተኛው ቀን ከቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠን «እስቲ ያን ቤት አሳይኝ» አለች። ፎቶዎቹ ስልኬ ውስጥ እንዳሉ ለጎረቤቷ ስናገር ሰምታለች። ላጠፋቸው ስንት ጊዜ አስቤ ተውኩ፤ አታያቸውም ብዬ ነበር። ቶሎ ቶሎ ሳሳልፍ «ቀስ በይ» አለችኝ። የተጋደመውን ቡድሃ አየችና «አሞታል?» አለች። አልሳቅሁም። ጣሪያዎቹን፣ ብጫ የለበሱትን መነኮሳት፣ በደጁ የተደረደረውን ጫማ ሁሉ ረጋ ብላ አየች። «ንጹሕ ቦታ ነው» አለች። እውነቱን ብነግራትም ኖሮ እንዲሁ ቁጭ ብላ ትሰማኝ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ያ ፎቶ መጣ። ከእጄ ወሰደችው።

«ይቺ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ተንበርክከሻል።»

«አዎ እምዬ።»

«ከጎንሽስ ያለችው?»

«አላውቃትም። እየጸለየች ነበር።»

«አንቺስ?»

እዚህ ላይ ቢያንስ አንድ የሚያኮራ እውነት ያለኝ መሰለኝ። «እኔ ለፎቶ ነው። እግዜርን፣ ምንም አልጸለይኩም፣ ምንም አልለመንኩም። እንዲሁ ተንበርክኬ ተነሣሁ» አልኳት። ጣዖት አላመለክሁም ማለቴ ነው፤ ደስ ይላታል ብዬ ነው።

ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው። አበባውን ወደ ግንባሬ አስጠግቼ የያዝኩበትን ቦታ በጣቷ ነካችው።

«ምንም?» አለችኝ። «ለዓይኔ እንኳ?»

ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ የጠብታዋ ሰዓት ደርሶ ነበርና እንድጨምርላት አንገቷን ወደ ኋላ አዘነበለች።