ቆርቤ ጥርስ ሐኪም ፊት

ከዓባይ ድልድይ ወዲህ እንደኔ ሕመም የማይፈራ ሰው አልተፈጠረም። እሾህ ቢወጋኝ የሚጮኸው እሾሁ ነው። ቅርንፉድ ሲሸተኝ ግን ቦታ እለቃለሁ። ትናንት ባለቤቴ ሻይ ላይ ጣል ብታደርግበት ብርጭቆውን ትቼ በረንዳ ወጣሁ።

ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔም ላገባ የደረስሁ ጎረምሳ ነበርሁ። ቢቸና ላይ የገና ጨዋታ ስንጫወት ሩሯ፣ የእንጨት ኳሷ፣ ተወርውራ የፊት ጥርሴን መታችው። ጥርሱ ጠቆረ፤ ጥር ሳያልቅ ፊቴ እንደ ቅል አብጦ አንዱን ዓይኔን ደፈነው። ሠርጌ ደግሞ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። ወጌሻው «መንቀል ነው እንጂ!» እያለ ጉጠቱን ይወለውላል፤ የሙሽራዪቱ አባት «ልጄን ለወላቃ አልድርም» ብለው ልከዋል። ሞጣ ላይ ጥርስ ሳይነቅል የሚያድን ሐኪም ለጥቂት ቀን መጥቷል ሲባል አባቴ በቅሎ ላይ ጭኖ ወሰደኝ። አክስቴ ቤት አደርን።

ንጋት ላይ አባቴ ወረፋ ሊይዝ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። አክስቴ ግን «አጥንት የሚበሳ ሰው ፊት ነፍስህ ያለ ስንቅ ልትቀርብ ነው?» አለችና ለንስሐ አባቷ አስረከበችኝ። ዕለቱ ጊዮርጊስ ነበር። ቆረብሁ። ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ወንበር።

ክፍሉ ከጥርስ መድኃኒቱ የተነሣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ መርፌዎቹን ታብለጨልጫለች።

«ጥርስ ድንጋይ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «መሐሉ ቀጭን ቦይ አለው። ቦዩ ውስጥ ያለው ሥጋ ሞቶ መግል ሆኗል። እሱን ጠርጌ አወጣና ባዶውን እደፍነዋለሁ። ጥርስህ ከነሥሩ ይቀመጣል።»

መሰርሰሪያውን በእግሩ እየረገጠ እንደ ስፌት መኪና አሽከረከረው። ድንገት ሙቅ፣ መራራ ነገር አፌን ሞላው።

«ትፋ!»

ከንፈሬን ገጠምሁ።

«ትፋ እንጂ! ልትውጠው ነው?»

በጣቴ ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ አፌ ጠቆምሁ። በሩ ሥር የቆመው አባቴ ደነገጠ።

«አንተ ልጅ! ቆርበሃል እንዴ?»

ራሴን ዝቅ አድርጌ አዎን አልሁ።

«የቆረበ አይተፋም፣ ጌታው» አለ አባቴ ለሐኪሙ። «ደምም ከአፉ አይወጣም።»

«እኔ ከሰዓት በኋላ ተነሥቼ እሄዳለሁ። መግሉ ትን ቢለው ማን ይጠየቃል? ወይ ይትፋ፣ ወይ ከወንበሬ ይውረድ።»

አፍንጫዬ በእብጠቱ ተዘግቷል፤ አፌን ብከፍት ይፈስሳል፣ ብዘጋ ትንፋሽ የለኝም። ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። አባቴ የሐኪሙን የመትፊያ ሳህን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ አዲሱን ነጠላውን ከካቦርቱ ላይ አወለቀና አጥፎ አገጬ ሥር ዘረጋው።

«እዚህ ላይ፣ ልጄ። መሬት አይነካም። ወስጄ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እቀብረዋለሁ። ኃጢአት ከሆነም በእኔ ይሁን።»

«ልጄ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ተፋሁ። ሐኪሙ ቦዩን በቀጭን መርፌ እየጠረገ «ትፋ» ባለ ቁጥር ነጠላው ይቀርባል፤ አባቴም ቄስ መስቀል እንደሚይዝ በሁለት እጁ ይዞታል።

ጥርሱ ተደፈነ። ሠርጉም ሆነ። አባቴ ነጠላውን እንዳለው ቀበረው፤ የዚያን ቀን ያየውንም ለእናቴ እንኳ ሳይተነፍስ ሞተ።

ያን ቀን ከሐኪሙ ወንበር ስነሣ አባቴ ካቦርቱን አውልቆ አለበሰኝና እስከ ጉልበቴ ቆለፈልኝ።

«በዚህ ፀሐይ?» አለ ሐኪሙ።

«ብርድ ይዞታል» አለ አባቴ።

ብርድ አልያዘኝም ነበር። ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነው።