ሽማግሌ የተላከበት ዝገት

በመካኒክነት ዘመኔ ሽማግሌ የተላከብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከማንም ተደባድቤ አልነበረም፤ የማንንም ሴት ልጅ አላስቀየምኩም። የአንዲት መኪና የፊት ጎማ መልሼ አላስርም ስላልኩ ነው።

ጋራዤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነበር፤ በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ጠባብ ግቢ ጋራዥ ከተባለ። ባለመኪናው ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ። መኪናዋን ከአብዮቱ በፊት አሰብ ወደብ ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ ነው የገዟት። ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ቢጫ እስፖርት መኪና። ከተማው ውስጥ ሁለተኛ አልነበራትም። ሴት ልጃቸውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከጎናቸው አስቀምጠው “ስትዳሪ በዚች ነው የማደርስሽ” ይሏት ነበር። አሁን ልጅቷ ልትዳር ነው፤ ሙሽራው ደግሞ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። አባት ሙሽራ ልጁን ራሱ መኪና ነድቶ ለአማቾቹ ማስረከብ በአገራችን ልማድ አይደለም። እሳቸው ግን አንዴ ብለዋልና ሰዉም ተዋቸው።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው “ግሪስ አጠጣት፣ እግር እግሯንም እይልኝ” ብለው አመጡልኝ። በክሪክ አነሣኋትና የፊት ጎማዎቿን አወለቅሁ። ከሥሯ ስትታይ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ አዲስ ትመስላለች። ለካ ለዓመታዊ ምርመራ በቀረበች ቁጥር ሥሯን ጥቁር ቀለም ይቀቧታል፤ በላዩ ደግሞ ዝገት ይከላከላል ብለው የተቃጠለ ዘይት ያጠጧታል። ዘይቱ በየመገጣጠሚያው ያለውን ላስቲክ አለስልሶ አለስልሶ ገንፎ አድርጎታል። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ስፈቀፍቀው ቅርፊቱ እየተነሣ ወደቀ። ከላይ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይሄ ነው። የቀኙን ጎማ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን የታችኛውን የብረት ክንድ በካቻቢቴ ስወጋው ጫፉ ገባ። የአሰብ ጨው ከውስጥ በልቶት ኖሯል።

“ጋሼ፣ ይቺ መኪና ኮምቦልቻ ድረስ የሐረጎን ቁልቁለት አትወርድም” አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩና “ጭረት ናት፤ በይዳት” አሉ።

ብየዳ የሚይዘው ደህና ብረት ሲኖር ነው። ይህን ክንድ መበየድ የነተበ ጨርቅ መጣፍ ነበር፤ መርፌው ባለፈበት ሁሉ ይቀደዳል። መለዋወጫ እንዳልፈልግ፣ በዚያ ዘመን ለጭነት መኪና እንኳ ጠፍቶ ነበር። አስመራ ካሉ አሮጌ ብረት ሻጮች ዘንድ ይገኝ ይሆናል፤ መንገዱ ግን ጦርነት ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

“እኔ ሐረጎን በተሳቢ ስወርድ አንተ ብሎን መፍታት አልጀመርክም!”

የኔም ምላስ ቀላል አይደለም። “እንግዲያው ራስዎ ይሥሯት” አልኩና ጎማውን ተሸክሜ ክፍሌ አስገብቼ ቆለፍኩበት።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሁለቱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን፤ ወሎ ላይ ሽምግልና እንዲህ ነው። ባለመኪናው አንገታቸውን ደፍተው ከኋላ ቆመዋል። ወንበር ባቀርብ አንቀመጥም አሉ። እሺ እስካላልኩ ድረስ እንደማይቀመጡ አውቃለሁ።

“ልጄ፣ በነቢ ይዘንሃል፣ ጎማውን እሰርላቸው” አሉ ትልቁ ሼህ። “በልጃቸው ሠርግ አይዋረዱ።”

“ቁልቁለቱ ላይ ቢሰበርስ አባቴ?”

“አብሽር፣ ዱዓ እናደርጋለን።”

“ዱዓውን አልጠላሁም። ብረቱ ግን በስብሷል።”

ጥግ ይዘው ሲመካከሩ ቆዩና ውሳኔያቸውን ይዘው ተመለሱ። ሳስበው እስከ ዛሬ ሳቄ ይመጣል። የሽማግሌ ሥራ ከሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ ማስለቀቅ ነው። እኔ አትወርድም ብያለሁ፣ እሳቸው ትወርዳለች ብለዋል፤ ስለዚህ ቢጫዋ ሙሽራዋን በሰኞ ገበያ በኩል እስከ ከተማው ጫፍ ታድርሳት፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱን ላንድሮቨር ይረከባት። ዝገትን የድንበር ጠብ አደረጉት! በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሀል ጎማው ቢታጠፍስ? ደሜ ፈላ። ቢሆንም ሦስት ሽበታም ቆመው እየለመኑህ እንቢ ማለት ነውር ነው።

“እሺ፣ ቃላችሁን ተቀብያለሁ” አልኩ። “አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከማሰሬ በፊት ጋሼ በእጃቸው ይፈትሿት።”

መዶሻ ሰጠኋቸው። ጎማ በዱላ መትተው የንፋሱን ጉድለት በድምፅ የሚለዩ ሹፌር ናቸው፤ ጆሯቸውን አምኜዋለሁ። ነጭ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ አሉ። የግራውን ክንድ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ወደ ቀኙ ዞሩና የተኛ ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው ቀስ ብለው ነካ አደረጉት።

“ልጅዎን ሊያስቀምጡበት እኮ ነው፤ ጠንከር አድርገው ይምቱት እንጂ!” ብዬ ጮህኩ።

መቱት። ዱብ አለ፤ የብረት ድምፅ አልነበረም። ሁላችንም ሰማን። ደግመው ሲመቱት የመዶሻው ራስ ሰጥሞ ገባና ቀይ የዝገት ዱቄት ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። መዶሻውን እዚያው እንደተሰካ ለቀቁት።

“ባለፈው ጁምዓ ጫማ ልንገዛላት ኮምቦልቻ ወርደን ነበር” አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። “እሷ በዚህ በኩል ነበር የተቀመጠችው።”

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ አንጀቴን በሉት። ትልቁ ሼህ “አልሐምዱሊላህ” ብለው ያን አልቀመጥም ያሉትን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስለ ግማሽ መንገድ ዳግመኛ ያነሣ አልነበረም።

የሠርጉ ዕለት ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ኮምቦልቻ ለመግባት ሰዉ በጊዜ ተነሣ። በራፍ ላይ አበባ ታስሮለት የቆመው ላንድሮቨር ነው። ለልጅቷ ደፍሮ የነገራት አልነበረም። ከቤት ወጥታ ስታየው ቀጥ ብላ ቆመች። ቢጫዋን በዓይኗ ፈልጋ ስታጣት ከሰው መሀል እኔን አገኘችኝ።

“አንተ ነህ አይደል ያስቀረሃት?” አለች፤ እንባዋ ኩሏን ሊያበላሸው ደርሷል። “ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቃት!”

ሠርገኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አባቷ ቀደሙኝ።

“እሱን ተይው” አሉ። “በገዛ እጄ፣ በመዶሻ የሰበርኳት እኔ ነኝ።”

“ለምን አባ?”

“እንድትደርሺ ብዬ።”

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። የላንድሮቨሩን በር የከፈቱላት እሳቸው ናቸው።