ሰሊጡ አፉን የከፈተ ለት

እኔ መቼም አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም። አንድ ሰሞን አራዳ ሴት ልጄ ቤት ነኝ፤ ደሞ ሳልነግራት ኮላ ድባ ወንዱ ዘንድ እወርዳለሁ። "እግርሽን ማን ፈታው?" ሲሉኝ፣ አባየ ነው እላለሁ። ጣልያን ወጥቶ አገር ሲረጋ፣ ከወገራ ደጋ ነቅሎ አርማጭሆ ቆላ ያወረደን እሱ ነው። ደጋ ላይ የደረሰው መሬት ለአንድ በሬ መተኛ አይበቃም፤ የምንኖረውም አጎቴ ጓሮ ተጠግተን ነበር። ቆላው ግን ጫካውን ለመነጠረ ሁሉ ነው።

እኔ ቆላውን ወዲያው ወደድኩት። ብርድ የለ፣ የአጎቴ ሚስት ግልምጫ የለ፣ ሮቃ የሚሉትን ኮምጣጣ ፍሬ ከዛፉ ሥር ለቅሞ መብላት ነው። እማየ ግን አልወደደችውም። "የዘንድሮው አዝመራ ካልሆነ ልጄን ይዤ አገሬ ገባሁ" ብላ ቁርጡን ተናግራ፣ ለመንገዱ በሶ ስትፈጭ ከረመች። የወፍጮውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያ የአጎቴ ጓሮ ይታየኛል።

አባየ የዘራው ሰሊጥ ነው። ደጋ ላይ ሰሊጥ ሲበቅል አይተን አናውቅ። ዝናቡ እንዳባራ ጎረቤታችን፣ ቆላ ተወልደው ቆላ ያረጁ ሽማግሌ፣ በማሳው ዳር ሲያልፉ ቆም አሉ።

"ምነው፣ አታጭድም? ለጉንዳን ነው የዘራኸው?"

"ኧረ አያ፣ ገና አረንጓዴ ነው። ሳይደርቅ ይታጨዳል?"

"ጠብቀው እንግዲህ" አሉና እየሳቁ ሄዱ።

አባየም ሳቀ። ገብስ ሲያጭድ ያደገ ሰው ነው፤ ገብስ ደግሞ ነጥቶ፣ ራሱን ደፍቶ ካልተንኮሻኮሸ ማጭድ አይነካውም። "ሙቀቱ ናላቸውን አዙሮታል" አለ።

በማግስቱ ወፍ ልጠብቅ ማሳው ውስጥ ስገባ መሬቱ ነጣ ነጣ ብሏል። ጎንበስ ብል ሰሊጥ ነው! ፍሬውን የያዙት ከረጢቶች ከታች በኩል አፋቸውን ከፍተው፣ ጉንዳን ተሰልፎ ይጭናል። እማየን ጠርቼ አመጣኋት። አንዱን ግንድ ስትነካው ሰሊጡ በእጅጌዋ ገብቶ እስከ ክንዷ ወረደ።

በልቤ፣ በቃ፣ አዝመራው ጠፋላት፣ ደስ ሊላት ነው አልኩ። እሷ ግን እንደ እሳት ነደደች። የማንም ይሁን፣ እህል ሲፈስ ማየት አትችልም።

"አንቱ! ነገ ደቦ እጠራለሁ" አለችው አባየን።

"በምን ጠላ? እስኪደርስ ሳምንት አይደል?"

"በስንቄ!"

አባየ ማጭዱን ሊስል ወጣ።

ለወገራ መንገድ የፈጨችውን ያን በሶ በማር ለወሰችው፤ ጎረቤቱም መጣ። "ጭቃ ነው እንዴ የምታበሉን?" ይሉና መልሰው ጣታቸውን ይልሳሉ። ሽማግሌው ሰሊጡን ከነእርጥቡ ቆርጠው፣ አስረው፣ ራሱን ወደ ላይ አድርገው እያስደገፉ ማቆም አሳዩን። "ቆሞ ይድረቅ፤ ያኔ ሸማ ላይ ገልብጣችሁ ታራግፉታላችሁ።" አባየ ግን እጁ የለመደው የገብስ ነዶ ነው። ብብቱ ሥር ሸጉጦ ዘቅዝቆት ሲሄድ የተከፈተው ሁሉ ከኋላው ዘነበ።

"አንተ ደገኛ! እያጨድክ ነው ወይስ እየዘራህ?" አሉት ሽማግሌው።

ማሳው በሳቅ ተናጋ። አባየም አብሮ ስቆ፣ ነዶውን እንደ ሕፃን ቀና አድርጎ ታቀፈው።

እኩሌታው ለጉንዳን ሆነ። የቀረው ሲደርቅ ሸማ ዘርግተን ገለበጥነው፤ ሾ ብሎ ወረደ። እማየ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተችበት። እኔ ፊቷን አያለሁ።

"ሸጋ ነው" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ለጥምቀት ወገራ እንሄዳለን።"

ክው አልኩ።

"ምን ያስደነግጥሻል? ለጥየቃ ነው። ለእናቴ ሰሊጥ አድርሰን እንመለሳለን።" ወደ አባየ ዞረች። "አንቱስ ምን ይገትርዎታል? ያኛው ዳር መቼ ሊመነጠር ነው?"