የተከሰሰችው መኪና

ይህ ነገር መነገር ይገባው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሰው ልጁንና ወንድሙን ባጣበት ዘመን፣ ስለ አንዲት አሮጌ መኪናና በላይዋ ስለ ተጻፉ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ሰምቶ ማን ያዝናል? ብዕሬን አንሥቼ መልሼ ያስቀመጥሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ለአባቴ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም፤ በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ስንፍናውን፣ የዓይን አምሮቱን ስዘረዝር ይህን አንዱን ውጬ ተነሥቻለሁ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህሮቼ ጠንቃቃ ነህ ይሉኛል። አዎ፣ ጠንቃቃ ነኝ። ግን መጠንቀቅ የጀመርሁት ሰው ከጎዳሁ በኋላ ነው።

ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ጎረቤታችን ጋሽ አሊ ደግሞ ጀልባ ሠሪ ነበሩ፤ በሐይቁ ዳር ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ጣውላ ይልጋሉ፣ የተበላሸ የጀልባ ሞተር ይጠግናሉ። ሁለቱ ቤቶች በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። ሥጋችን ቢለያይም ዓሣችን አንድ ስለ ነበር፣ ጋሽ አሊ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ባገኙ ቁጥር ለእኛም ይደርሰን ነበር።

መኪናዋን የገዟት በ1972 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበርሁ። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሣ ሸጠላቸው። የሽቅድምድም መኪና ነች፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ቀይ ቀለሟ ፀሐይ የበላው። ስትነሣ እንደ ንብ ቀፎ ትጀምርና ወደ ፉጨት ትሄዳለች። በሞተሯ ጎን ሌላ መኪና ላይ ያላየነው፣ የወጥ ድስት የሚያህል ክብ ብረት ነበረባት። ጋሽ አሊ የገዟት ሊነዷት አልነበረም። ሞተሯን አውጥተው በሚሠሩት ጀልባ ውስጥ ሊተክሉትና እስከ ጎርጎራ ሰውና ዕቃ ሊያደርሱበት ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጀልባ ሲሠሩ ኖረው የራሳቸው አልነበራቸውም። ያን ጀልባ ፈልገው ነው የገዟት፤ አንባቢዬ ይህን እንድትይዝልኝ እለምንሃለሁ።

ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ይቀልድባቸው ነበር።

«አሊ፣ በዚች ስንት ሰው ልትጭን ነው?» ይላቸዋል አንዱ ዓሣ አጥማጅ፣ መረቡን እየጠገነ።

«ሁለት ሰውና አንድ ዶሮ።»

«ዶሮዋ የት ትቀመጣለች?»

«መሪው ላይ። እኔ እንደሁ መንዳት አልችል!»

በግንቦት አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ አሊ ጠሩኝ። የሞተሩ ክዳን ተከፍቷል። ከክዳኑ ሥር የመዳፍ ያህል የብረት ሰሌዳ በብሎን ታስሯል፤ ጽሕፈት አለበት።

«ጥበቡ፣ ልጄ፣ እስቲ ይህችን አንብብልኝ። ይህ ድስት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ብፈታው ይቀየመኛል።»

አነበብሁ። «ሱፐርቻርጅድ» ይላል ከላይ። ከሥሩ «ፋይናል ፕሮዳክሽን ራን» ይላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስላነበብሁ ሰው ተሰበሰበ። እንግሊዝኛ አዋቂ መባል ደስ ይለኝ ነበር። በዚያው ሰዓት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታፈረ ከሁለት ጥበቃዎች ጋር ሲያልፍ ቆመ። ጓድ ታፈረ መኪናዋን ከመጣች ጀምሮ በክፉ ዓይን ነበር የሚያያት። ጀልባ ሠሪ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያመጣል ብሎ በስብሰባ ላይ እንደ ተናገረ ሰምተናል።

«ትርጉሙስ?» አለኝ።

መዝገበ ቃላቴን ከደብተሬ መካከል አወጣሁ። «ሱፐር» ከፍተኛ፣ የበላይ። «ቻርጅ» ከሚለው ፊት ለፊት ብዙ ትርጉም ተደርድሯል፤ ሞላ፣ ጫነ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ ከሰሰ። «ራን» ከሚለውም ፊት ብዙ ነበር፤ ሩጫ፣ ሽሽት፣ ሌላም። አባቴ አንድ ንባብ ሲተረጉሙ «አንድም» ሳይሉ አያልፉም፤ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ይላሉ። እኔ በዚያ ቤት አድጌ አንድም የምትለዋን ቃል ረሳሁ? አልረሳሁም። ቀና ብዬ የጓድ ታፈረን ፊት አየሁ። ምን ቢነገረው እንደሚወድ ገባኝ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ የሚጠይቀኝ ሰው በመልሴ ካልተደሰተ እንቅልፍ የማይወስደኝ ፍጡር ነኝ።

«ከፍተኛ ክስ ያለበት ይላል» አልሁ።

ጋሽ አሊ በሳቅ ፈረሱ። «መኪናም ይከሰሳል እንዴ? ማንን ገጭታ ነው?» ሰዉም ሳቀ።

ጓድ ታፈረ አልሳቀም። «ቀጥል።»

«የመጨረሻው... ሽሽት።»

«የማን ሽሽት?»

ያኔ ሳቁ ቆመ።

አሁን ዋናውን ኃጢአቴን ልናገር። «ሱፐርቻርጅድ» እና «ራን» እዚያ ላይ ምን ማለት እንደሆኑ አላውቅም ነበር፤ ባለማወቅ ተሳሳትሁ ልል እችላለሁ። መካከል ላይ ያለችውን ግን አውቃት ነበር። «ፕሮዳክሽን» ምርት ነው። በዚያ ዘመን ምርትን የማያውቅ ማን አለ? በየግድግዳው፣ በየሬዲዮው፣ በየስብሰባው ምርት፣ ምርት ይባል የለም? የመጨረሻው የምርት ሽሽት ብዬ ብፈታ ግን ነገሩ ትርጉም አጣብኝ፣ አረፍተ ነገሬ ተበላሸብኝ፣ አዋቂነቴም ሊበላሽ ሆነ። ስለዚህ ዘለልኋት። ማንም አላየኝም። እኔ ዘለልኋት። አውቄ፣ ሆን ብዬ፣ እኔ ዘለልኋት።

በማግስቱ መኪናዋን ገፍተው ቀበሌው ግቢ አስገቧት። ጋሽ አሊንም ወሰዷቸው። ክሱም ቶሎ ተገኘ፤ መኪናዋ ከባድ ክስ የነበረበት አንድ ባላባት በመተማ በኩል ሲሸሽ የተጠቀመባት ናት፣ አሊ ተባባሪው ነው፣ ደብቆ ያቆያትም ለሌላ ሽሽት ነው ተባለ። የሸጠላቸው መሐንዲስ አገሩ ገብቷል፤ ማን ይመስክርላቸው? ማስረጃው የመኪናዋ የራሷ ጽሕፈት ነው። አንባቢው ደግሞ እኔ ነኝ።

ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ሕንዳዊውን የፊዚክስ መምህራችንን ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ለምን እንደምጠይቅ አልነገርኋቸውም። ጡጫቸውን ጨብጠው ቀዳዳ አበጁለትና በኃይል እፍ አሉበት። ሞተር አየር ይስባል፤ ይህኛው ግን አየሩ በግፊት ይጨመርለታል፣ ጉልበቱ ከሌላው ይበልጣል አሉ። ከሥር ያለው ደግሞ ፋብሪካው ያን ዓይነት መኪና መሥራት ሲያቆም በመጨረሻው ዙር ካመረታቸው አንዷ ናት ማለት ነው። «ብርቅ ናት፤ የት አየሃት?» አሉኝ። በመጽሐፍ አልኋቸው። ያ ድስት የመኪናዋ ሁለተኛ ሳንባ ነበር። ጋሽ አሊ ሳያውቁት ለጀልባቸው የሚሆነውን እጅግ ብርቱውን ሞተር ገዝተው ነበር።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ምን አደረግሁ? ነገ እናገራለሁ አልሁ። ነገ ሲመጣ ጓድ ታፈረ መንገድ ላይ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ንቁ ወጣት!» ይለኛል። አባቴ ጎረቤታቸው ስለ ታሰሩ እህል አልወርድ ብሏቸው፣ «ለመሆኑ ጽሕፈቱ እውነት እንዲያ ይላል?» ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁኝ። «ይላል» አልኋቸው። ደግመው አልጠየቁኝም።

በሐምሌ የጋሽ አሊ ባለቤት እትዬ ዘሀራ ቤታችን መጡ። ዓሣ ይዘው ነበር። ባላቸው ታስረው፣ ዓሣ ይዘው!

«መሪጌታ፣ ልጅዎን ሊያውሱኝ ነው የመጣሁ» አሏቸው አባቴን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ከአውራጃ ትልቅ ካድሬ ይመጣል አሉ። አሊ ምን አለኝ መሰለህ? ልጁ በዚያ ግርግር ደንግጦ ይሆናል፤ ሰው አይረብሸው፣ ረጋ ብሎ ይድገማት አለ። ትደግምልኛለህ?»

«እሺ፣ እትዬ ዘሀራ።»

«እደግ። ዓሣው እንዳይበላሽ፣ ዛሬውኑ ብሉት።»

በላሁት። ይህንም እናዘዛለሁ፤ ያን ዓሣ በላሁት።

ካድሬው የመጣ ቀን ዝናብ ነበር። መኪናዋ ግቢው መካከል ክዳኗን ከፍታ ትርሳለች። ጋሽ አሊን ከእስር ቤቱ አወጧቸው። ከስተዋል፤ ያስላቸዋል። እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ። እውነተኛውን ቃል በልቤ አጥንቼ ነበር የሄድሁት፤ በአፌ ውስጥ ዝግጁ ነበር።

«ልጄ፣ ቆይ፣ ዝናብ አለባት» አሉና በእጅጌያቸው ሰሌዳዋን ጠረጉልኝ። «በል፣ አሁን ደህና አድርገህ እያት።»

ካድሬው በጃንጥላው ሥር ሆኖ ጠበቀ። ጓድ ታፈረ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አስቀድመህ እንዳነበብኸው ነው አይደል? ወይስ ቀበሌውን አሳስተሃል?»

ቀበሌውን ማሳሳት ምን እንደሚያስከትል የዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ። ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ራሴን እንዲህ አልጠላም ነበር። ተሳስቼ ነበር ማለት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላወቅሁም ነበር ማለት፣ ያ ከፍርሃቱ የበለጠ ከበደኝ። የጠረጉልኝን ሰሌዳ አየሁ። ሁለተኛም እንደ መጀመሪያው አነበብሁ። ሁለተኛም ምርትን ዘለልሁ።

ጋሽ አሊ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ እንዲያ ካለ ምን ይደረጋል» አሉ። አልተቈጡኝም። ወደ አውራጃው እስር ቤት ወሰዷቸው።

እዚያ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆዩ። መኪናዋን ጥበቃዎች በየጊዜው ፈታቷት፤ ወንበሯ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገባ፣ ጓድ ታፈረ ይቀመጥበታል። ከሾላው ሥር የቀረውን ያላለቀ ጀልባ ሰው ጣውላ ጣውላውን እየነቀለ ማገዶ አደረገው። እኔ በክፍሌ አንደኛ እየወጣሁ፣ ቀበሌው ንቁ ወጣት ነው ብሎ እየመሰከረልኝ ትምህርቴን ጨረስሁ።

ጋሽ አሊ ጥፋት አልተገኘባቸውም ተብለው በ1974 አጋማሽ ተፈቱ። ሳላቸው ግን አልፈታቸውም። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስነሣ በምርኩዝ መጥተው አጥሩ ላይ ቆሙ።

«እንዳትረሳን» አሉኝ። «እኔ አንተን አልረሳም። ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ቆመህ አንብበህልኛል። ሰሌዳዋ ራሷ ክፉ ከተናገረች አንተ ምን ታደርግ? ጥፋቱ የእኔ ነው። የተከሰሰች መኪና ሳላጣራ መግዛቴ! ዘሀራንም ያስራብሁ እኔ ነኝ።»

ታዲያ ከዚህ የተሻለ ሰዓት ነበር? ብቻችንን ነን። ጓድ ታፈረ የለም፣ ካድሬ የለም፣ የሚያስፈራ የለም። አንድ አረፍተ ነገር ብናገር ያ ሽማግሌ ራሱን መውቀስ ያቆም ነበር። «አላህ ያሳድግህ» አሉኝ። «አሜን» አልሁ። ምርቃታቸውን ተቀብዬ አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

አዲስ አበባ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ስመለስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንሁ። በመንገዱ ሁሉ ቃሉን እየደጋገምሁ ሄድሁ፤ ጋሽ አሊ፣ መኪናዋ አልተከሰሰችም፤ ጋሽ አሊ፣ ደህና ዕቃ ነበር የገዙት። ከአውቶቡስ ወርጄ ሻንጣዬን እንደያዝሁ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። በራቸው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወንዶቹ ከቀብር እየተመለሱ ነበር።

እትዬ ዘሀራ እንዳዩኝ ተነሡ። ለለቀስተኞቹ፣ «ይኸው፣ ያነበበለት ልጅ! እስከ መጨረሻው ሲያነሣው ነበር» አሏቸው። ቦታ አስለቅቀው ከፊት አስቀመጡኝ። አንዲት ሴትዮ ውሃ ሰጠችኝ። ከንፈሬን ከፈትሁ።

«አላህ ያጽናዎት» አልሁ። ያልሁት ይህን ብቻ ነው።

ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። ልጅ ነበርሁ አልልም፤ አጥሩ ላይ ልጅ አልነበርሁም፤ ለቅሶው ላይም ልጅ አልነበርሁም። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም፤ ዘመኑ ቃል ዝለል ብሎ አላዘዘኝም። ጋሽ አሊ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ሞቱ። ጥፋተኛው ከፊታቸው ቆሞ አሜን ይላቸው ነበር። እትዬ ዘሀራ ዛሬም በእኔ ይመካሉ፤ ይህን የምጽፈውም ለእሳቸው ሳልናገር ነው፤ ፈሪነቴን ከዚህ እወቀው።

ዕለቱ የኪዳነ ምሕረት በዓል ነበር፤ አባቴ ከማኅሌት ወጥተው በቀጥታ ወደ ቀብሩ ሄደዋል። ጋሽ አሊ የተቀበሩት የካቲት 16 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።